ዘበኛው በሩን ከፍቶ ቢሆን ኖሮ

እንግሊዝኛ መማር የጀመርኩት በአሥራ ሁለት ሸሚዞች ሰበብ ነው።

እናቴና እኔ ጅቡቲ ወደብ ላይ ለሚቆሙ መርከቦች ልብስ እናጥብ ነበር። አባቴ ሐዲዱ ሲዘረጋ ከደጋ ወርዶ በዚያው የቀረ ሰው ነው፤ እኔ የተወለድኩት ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር፣ ከድንጋይና ከሣንቃ በተሠራች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። የፈረንሳዮቹ መርከቦች የራሳቸው አጣቢዎች ስለነበሯቸው ለእኛ የሚደርሰን ከኤደን ወደብ የሚሻገሩት የእንግሊዝ ዕቃ ጫኞች ልብስ ነበር። ከየከረጢቱ ውስጥ አንዲት ብጣሽ ወረቀት አትጠፋም። ልብሱን ለመቼ እንደሚፈልጉት፣ የትኛው ሸሚዝ በቀስታ እንደሚታሽ የሚጽፉባት ናት።

ወረቀቷን የሚያነብልን አንድ ጎረቤታችን ነበር። አባቴ በዘበኝነት በሚሠራበት መጋዘን ጸሐፊ ነው፤ በወደቡ ዐረብኛ ያደገ፣ እንግሊዝኛውን ከመርከበኞች አፍ የለቀመ፣ ለሰው የሚያዝን ሰው። አንድ ቀን እንኳ «ቆዩኝ» ብሎን አያውቅም። ሚስቱ ስትወልድ ያረሰቻት እናቴ ናት።

ያን ቀን ከረጢቱ ውስጥ አሥራ ሁለት ነጭ ሸሚዞች ነበሩ። ጸሐፊው ወረቀቷን አየና «ከቀትር በፊት ይነሣሉ። ሸሚዞቹን አቆዩልን፣ ስንመለስ እንወስዳለን ነው የሚሉት» አለን። እኛም የሚያስቸኩል ሥራ አይደለም ብለን ሸሚዞቹን ዘፍዝፈን ተውናቸው። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ መኮንን ደጃችን ላይ ቆመ። መርከቡ አልተነሣም ነበር። ሰውየው ከገንዳው ውስጥ አንዱን ሸሚዝ በሁለት ጣቱ አንሥቶ አየው፣ መልሶ ጣለውና ሄደ። ከዚያ መርከብ ሁለተኛ ሥራ አላገኘንም።

እናቴ ወረቀቷን መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጥራ ያዘቻት። ልብስ ከምታጥብላቸው ሰዎች አንዱ በኤደን ቴሌግራም ቤት ብዙ ዘመን ሠርቶ የወጣ ሽማግሌ ህንዳዊ ነበር፤ ልብሱን ስትመልስለት አሳየችው። ሽማግሌው መነጽሩን አደረገና የመጀመሪያዋን ቃል በጥፍሩ ነካ።

«ይህችን ማን ዋጣት?» አለ በዐረብኛ። «‹ከተነሣን› ነው የሚለው። ከቀትር በፊት ከተነሣን አቆዩልን። እንነሣለን አላሉም።»

እናቴ ቤት ተመልሳ ነጠላዋን ሳታወልቅ ብዙ ተቀመጠች። ከዚያ «ከነገ ጀምሮ ሽማግሌው ዘንድ ትሄጃለሽ» አለችኝ። «እሱ ያስተምርሽ፣ እኔ ልብሱን አጥብለታለሁ። ተነጋግረናል።» ዕድሜዬ አሥራ ስምንት ነበር።

ሽማግሌውን ሁሉም ሰው ኡስታዝ ነው የሚለው። ተማሪዎቹ ሁለት የሱቅ ሠራተኞችና እኔ ነበርን፤ እኔ በረንዳው ጫፍ ላይ ከሚስቱ አጠገብ እቀመጣለሁ። የሚያስተምረው በዐረብኛ ነው፣ ሳይገባን ሲቀር ፈረንሳይኛ ያክልበታል። ያለው መጽሐፍ አንድ ብቻ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ያቺ የተዋጠችው ቃል፣ «ኢፍ»፣ ያለችበት ምሳሌ ሁሉ የዝናብ ነው፤ ከዘነበ ቤት እንቀመጣለን፣ ቢዘንብ ቤት እንቀመጥ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ሁለቴ የማይዘንብበት ከተማ ውስጥ ነን። አንዱ የሱቅ ሠራተኛ «ኡስታዝ፣ እዚህ እኮ ከዘነበ ሰው ሁሉ ወደ ውጭ ነው የሚወጣው» አለው። ኡስታዝ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ዝናቡን ተወና በውሃ ጋሪው ተካው።

«ኢፍ» ሦስት ዓይነት ነው፣ አለን። የመጀመሪያው ሊሆን የሚችል ነው፤ ጋሪው ከመጣ እንስራውን እሞላለሁ። ሁለተኛው ሐሳብ ብቻ ነው፤ ጋሪው አሁን ቢመጣ እሞላ ነበር፣ ግን የሚመጣ አይመስለኝም። ሦስተኛው ያለቀለት ነው፤ ጋሪው ትናንት መጥቶ ቢሆን ኖሮ እሞላ ነበር። አልመጣም፣ አልሞላሁም፣ በቃ።

እኔን ያስቸገረኝ ሦስተኛው ነው። በእኛ ቋንቋ «ኖሮ» የምትባል ቃል አለች፤ እሷን የሰማ ሰው ነገሩ እንዳልተፈጸመ ወዲያው ያውቃል። እንግሊዝኛ «ኖሮ» የለውም። ያለው «ሃድ» ነው፤ ይህችው «ሃድ» ደግሞ በሌላ ቦታ የሆነውን ነገር ነው የምትናገረው። «ሂ ሃድ ኦፕንድ» ሲባል ከፍቶ ነበር ማለት ነው። ከፊቷ «ኢፍ» ከገባች፣ ከወዲያ ጫፍ ደግሞ «ዉድ ሃቭ» ከመጣ ግን አልከፈተም ማለት ይሆናል። እኔ የፊተኛውን ጫፍ ይዤ የኋለኛውን እጥላለሁ። ኡስታዝ በማስመሪያው ጠረጴዛውን ይመታና «ከ‹ኢፍ› ቀጥሎ የሚመጣውን ግስ አትመኚው» ይለኛል። «ያለፈ ይመስላል እንጂ የሆነ ነገር አይነግርሽም። እስከ ነጥቡ ድረስ አንብቢ።»

አንድ ቀን መላ ያገኘ መስሎት «‹ኢዛ› እና ‹ለው›ን ለይተሽ ታውቂያለሽ?» ሲል ጠየቀኝ። ሰፈሩ ሁሉ ዐረብኛ ተናጋሪ ነውና አውቃለሁ አልኩት።

«ስለ አንድ ሰው መምጣት ‹ኢዛ› ብትይ ሲመጣም ሊሆን ይችላል፣ ከመጣም ሊሆን ይችላል። ‹ለው› ካልሽ ግን ሰውየው አልመጣም። ሦስተኛው ‹ለው› ነው። ‹ኢዛ› ብለሽ ከተረጎምሽው ያልሆነውን ሆነ ታሰኚዋለሽ።»

ይህን በልቤ ያዝኩት። ሆኖም ሲጠይቀኝ መሳሳቴ አልቀረም።

አባቴ በሚጠብቀው መጋዘን እሳት የተነሣው ስምንት ወር ያህል ከተማርኩ በኋላ ነው። ከምዕራብ የሚመጣው ትኩስ ነፋስ በጀመረበት ሳምንት፣ ሐሙስ ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ግድም። ጣራ ላይ አንሶላ ሳሰጣ በወደቡ በኩል ጥቁር ጢስ አየሁና እናቴን ጠራኋት። ቀና ብላ አየችና የያዘችውን ልብስ መሬት ላይ ለቀቀችው። እናቴ የታጠበ ነጭ ልብስ መሬት ስትጥል አይቼ አላውቅም።

መጋዘኑ ሁለት ክፍል ነበረው። ከፊት፣ ትልቁ በር ያለበት፣ የጥጥ ማከማቻ ነው። ከኋላ፣ ከግንብ ግድግዳው ወዲያ፣ ላምባ በቆርቆሮ ተደርድሯል። እሳቱ የተነሣው ጥጡ ውስጥ ነው። በዚያ ሰዓት በኋላው ክፍል አንድ የእንግሊዝ መርከብ መኮንን ከሁለት ጫኞች ጋር ሆኖ የሚያፈሱትን ቆርቆሮዎች ሲለይ ነበር። እኛ ስንደርስ እነሱ በኋላ መስኮት ወጥተዋል፤ ሰው ሁሉ ተሰልፎ የባሕር ውሃ በባልዲ እየተቀባበለ ግንቡንና ጣራውን ያረጥባል። በፊት በኩል ጢሱ ሰው አያስጠጋም፤ ትልቁ በር ይዘጋ ይከፈት የሚያይ አልነበረም። ከብዙ ጊዜ በኋላ በሩ ራሱ ተቃጥሎ ሲወድቅ፣ ሊያየው የቀረበ አንድ ጫኝ እጁንና አንገቱን ነበልባል ፈጀው። ያን ጊዜ ግን ግንቡ ርሶ ነበርና እሳቱ ወደ ላምባው ሳይሻገር ቀረ።

አባቴን ያየሁት እሳቱ ከረጋ በኋላ፣ በሁለት ፖሊሶች መካከል ነው። ፊቱ በጥላሸት ጠቁሯል። እናቴ ልትጠጋው ስትል «ወደ ቤት ሂዱ» አለ።

የጫኞቹ ካቦ የሰጠው ቃል በዚያው ቀን ሰፈሩ ውስጥ ተሰማ። «ዘበኛው ማንም ሳያዘው በሩን ከፈተ፣ ነፋሱን አስገባና ሸሸ» ብሏል። ከአመዱ ውስጥ የነሐሱ መቆለፊያ ቀልጦና ተጣሞ ተገኝቷል፤ ቁልፉም ውስጡ ነበር። ቁልፉን የሚይዘው አባቴ ብቻ ነው።

ዓርብ ዕለት ለአባቴ ምግብ ይዘን ሄድን። ምግቡን ተቀበሉን እንጂ እንድናየው አልፈቀዱም። ነገሩን የሚመረምረው ፈረንሳዊ ሹም ግን አስገብቶ አናገረን። እናቴ ፈረንሳይኛዋ ትንሽ ስለሆነ የምናገረው እኔ ነበርኩ።

«አባቴ ሥራውን ጥሎ የሚሸሽ ሰው አይደለም ሙሴ» አልኩት፤ ፈረንሳዮቹን ጌታዬ ለማለት የምንጠራቸው እንዲህ ነው።

«እኔ የካቦውን ቃል ብቻ አልያዝኩም። እንግሊዛዊው መኮንን ትናንት መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ያየውን በእጁ ጽፎ ትቶልኛል። በመጋዘኑ ጸሐፊ አስተርጉሜዋለሁ።» ከፊቱ ካለው ወረቀት ላይ አነበበልኝ። «‹ዘበኛው የፊቱን በር በከፈተ ጊዜ መጋዘኑ በሙሉ ተቃጠለ፤ እኔም ይህን ለመጻፍ የተረፍኩት ለጥቂት ነው።› ሰኞ ጠዋት ጉዳዩን ለዳኛው አስተላልፋለሁ። የተቃጠለው ጫኝ ሐኪም ቤት ነው። ሰውየው ከሞተ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል።»

ለእናቴ ስተረጉምላት የመጨረሻውን ዘለልኩት።

ስንመለስ በወደቡ በኩል አለፍን። ጫኞች ከመጋዘኑ ኋላ ላምባውን እያወጡ ወደ ጀልባ ያሻግሩ ነበር። ቆርቆሮው አንድ እንኳ ጥላሸት አልነካውም። ቆምኩ።

«ምን ሆንሽ?» አለችኝ እናቴ።

«እማ፣ ወረቀቱ መጋዘኑ በሙሉ ተቃጠለ ነው የሚለው።»

«እና?»

«ይኸው ግማሹ ቆሟል። እንግሊዙ በገዛ ዓይኑ እያየው እንዴት እንደዚያ ብሎ ይጽፋል?»

እናቴ መጋዘኑን አየች፣ እኔን አየች። «ጸሐፊው ነው ያነበበው አልሽኝ?» አለች።

«እሱ ነው።»

ሁለታችንም ስለ ሸሚዞቹ አላነሣንም። በቀጥታ ወደ ኡስታዝ ቤት ሄድኩ።

ኡስታዝ የነገርኩትን እስከ መጨረሻው ሰማ። «ወረቀቱን በዓይንሽ አይተሽዋል?»

«አላየሁትም።»

«እንግዲያው አልምልም። ደንግጦ ያጋነነ ሰው ሊሆንም ይችላል። ‹ኢፍ› ካለች፣ ‹ሃድ› እና ‹ዉድ ሃቭ› ካሉ ግን አባትሽ በሩን አልከፈተም ማለት ነው። ያልከፈተ መሆኑን የጻፈው ደግሞ ሊያመሰግነው ነው።»

«ነገ አብረውኝ ይምጡ ኡስታዝ።»

ሚስቱ የምትለቅመውን ምስር ትታ አየችው። ኡስታዝ መነጽሩን አወለቀ። የሚኖርበት ቤት የመጋዘኑ ባለቤት ንብረት ነው፤ በፈረንሳዮቹ ከተማ እንዲቀመጥ በየዓመቱ ዋስ የሚሆነውም ያው ሰው ነው። «እኔ እዚህ የተቀመጥኩት በማን እንደሆነ ታውቂያለሽ» አለኝ ቀስ ብሎ። አልተቆጣሁትም ብል ውሸት ይሆናል። ልነሣ ስል ግን «ተቀመጪ» አለኝና ወረቀት ላይ ስድስት ዓረፍተ ነገር ጻፈ። «የሆነውን ሆነ፣ ያልሆነውን አልሆነም በዪ።»

አምስቱን መለስኩ። ስድስተኛው «ኢፍ ሂ ሃድ ኤ ቦት፣ ሂ ዉድ ጎ» የሚል ነበር።

«ጀልባ ነበረው፣ ግን አልሄደም» አልኩ።

ኡስታዝ ዓይኑን ጨፈነ። «ጀልባ የለውም። ዛሬ የለውም። ስለ ትናንት አይደለም የሚያወራው። ‹ሃድ›ን ባየሽ ቁጥር ትሮጫለሽ።»

አንድ ሰው አንዲት ቃል ሳተና አባቴ ታሰረ፤ እኔ ደግሞ ሌላዋን ስቼ የባሰ ላደርገው ነው ብዬ አሰብኩ። ሁለተኛውን ከሦስተኛው መለየት ያልቻልኩ ልጅ ፈረንሳዊ ሹም ፊት ቆሜ ጸሐፊውን ተሳስተሃል ልለው ነው።

ኡስታዝ ወረቀቱን አጠፈና ሰጠኝ። «ነገ መጀመሪያ ‹ኢፍ›ን ፈልጊ። ቀጥለሽ ‹ዉድ ሃቭ›ን ፈልጊ። ሁለቱን በጣትሽ ሳትይዢ አፍሽን አትክፈቺ። አንዱ ከጎደለ አመስግነሽ ውጪ።»

ቅዳሜ ጠዋት ብቻዬን ሄድኩ። እናቴ ልትከተለኝ ፈልጋ ነበር፤ እሷ ካለች አለቅሳለሁ ብዬ ፈርቼ ከለከልኳት። ሹሙ ወረቀቱን ማየት እንደምፈልግ ስነግረው ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«አንቺ የመርከብ ልብስ የምታጥቢው አይደለሽም?»

«ነኝ ሙሴ። እንግሊዝኛም እማራለሁ።»

«እና ትርጉሙ ስሕተት ነው ነው የምትይው።»

«ካላየሁት ምንም አልልም።»

ይህ መልስ ሳይሆን አይቀርም የረዳኝ። ሰው ልኮ ጸሐፊውን አስጠራው። ጸሐፊው ሲገባ አይቶኝ ትንሽ ደነገጠ፤ ወዲያው ግን እንደ ወትሮው በዐረብኛ «እናትሽ እንዴት ናት?» አለኝ። «ደህና ናት» አልኩት። ከእሱ ፊት ለፊት መቆም ከሹሙ ፊት ከመቆም ይልቅ ከበደኝ።

ሹሙ የእንግሊዙን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አዙሮ ወደ እኔ ገፋው። ጎንበስ ብዬ አየሁት። እኔ የማውቀው የመጽሐፉን ፊደል ነው፤ ይህ ግን ተጋድሞ የሚሮጥ፣ አንዱ ፊደል ከሌላው የተያያዘ የእጅ ጽሑፍ ነበር። መስመሮቹ አንድ ቃል መስለው ታዩኝ። ሹሙ ሰዓቱን አየ። ጣቴን የመጀመሪያው መስመር ላይ አድርጌ ወረድኩ። ስለ ላምባው ያለውን አለፍኩ፣ ስለ መስኮቱ ያለውን አለፍኩ። በስድስተኛው መስመር መጀመሪያ ላይ ከአናቷ የተጠማዘዘች አንዲት ትልቅ ፊደልና ከጎኗ የወረደች ረጅም ፊደል አየሁ። «ኢፍ» ናት። ግራ ጣቴን አሳረፍኩባት። ከእሷ ቀጥሎ «ሃድ» እና «ኦፕንድ» አሉ፣ አነበብኳቸው። ሁለተኛውን ጫፍ ፍለጋ ሄድኩ። መስመሩ አለቀ። ሌላው መስመር ላይ «ሃቭ» አለች፣ ከፊቷ ያለችው ቃል ግን ቀለም ፈስሶባታል። «ዉድ» ናት ወይስ ሌላ? የመጀመሪያው ፊደል ሁለት ጊዜ ወርዶ ሁለት ጊዜ ይወጣል፤ መጨረሻዋ ላይ ቀጥ ያለ ዘንግ አለ። ቀኝ ጣቴን አሳረፍኩ።

«ያልከፈተ መሆኑን ነው የጻፈው» አልኩ።

ጸሐፊው «አይደለም» አለ በትሕትና። «‹ሃድ ኦፕንድ› ይላል፤ ከፍቶ ነበር ማለት ነው።»

«እንዴት እንደሚል በፈረንሳይኛ ንገሪኝ» አለኝ ሹሙ።

ፈረንሳይኛን ያወቅሁት ከመንገድ ነው፤ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። «ሲ ለ ጋርዲየን ኦሬ ኡቬር» ብዬ ጀመርኩ፤ ዘበኛው ከፍቶ ቢሆን ኖሮ ማለቴ ነው።

ሹሙ ፊቱን ቋጠረ። «‹ኦሬ› አይባልም» አለኝ። ልጅ ሆኖ የተገረፈበት ስሕተት ሳይሆን አይቀርም፤ ነገሩን ሁሉ ትቶ ያርመኝ ጀመር። «ከ‹ሲ› በኋላ ‹አቬ› ነው የሚመጣው። ‹ኦሬ› የምትገባው ከኋላ ነው። ‹ሲ ለ ጋርዲየን አቬ ኡቬር፣ ቱ ለ ማጋዛን ኦሬ ብሩሌ›።» እዚህ ላይ ቆመ። የተናገረውን ራሱ ሰማው። ዘበኛው ከፍቶ ቢሆን ኖሮ መጋዘኑ ሁሉ ይቃጠል ነበር።

ሹሙ ወደ ጸሐፊው ዞረ። «‹አቬ ኡቬር› ካለ ‹ሲ› አለበት ወይስ የለበትም?»

«‹ኢፍ› አለበት» አለ ጸሐፊው። «‹ኢፍ› ደግሞ ‹ኢዛ› ማለት ነው፤ በከፈተ ጊዜ።»

በዐረብኛ ታላቅን እንደሚጠሩት ጠራሁት። «አጎቴ፣ ‹ለው› ነው እንጂ ‹ኢዛ› አይደለም። መጋዘኑ ቆሞ እርስዎም እያዩት ነው።»

ጸሐፊው ወረቀቱን አነሣና ብዙ አየው። ስሕተቱን በቅንነት ሠርቶት እንደሆነ፣ ወይስ ካቦው ወይም ባለቤቱ ተናግረውት እንደሆነ ያን ጊዜም አላወቅሁም፣ ዛሬም አላውቅም። «ጽሑፉ ያስቸግራል» ብቻ አለ።

ሹሙ ወረቀቱን ወስዶ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት። «እኔ እንግሊዝኛ አላነብም፤ ከሁለት አንዳችሁ ተሳስታችኋል። ነገ ከኤደን የሚገባ መርከብ አለ፤ ሰኞ ጠዋት ካፒቴኑ ያነብልኛል። ዋሽተሽኝ ከሆነ አንቺም ከአባትሽ ጋር ትገቢያለሽ።»

እሑድን እንዴት እንዳሳለፍነው በደንብ አላስታውስም። የማስታውሰው ያቺን ቀለም የፈሰሰባትን ቃል ነው። ልብስ እያሸሁ «ዉድ» ናት እላለሁ፤ ልብስ እየጨመቅሁ ሌላ ብትሆንስ እላለሁ። ዓይኔን ስጨፍን ፊደሏ አንድ ጊዜ ብቻ ወርዳ አንድ ጊዜ ትወጣለች። እናቴ ከሐኪም ቤት ደርሳ መጣች፤ ጫኙ ውሃ መጠጣት ጀምሯል አለች። የጸሐፊው ሚስት ከበሯ ላይ ቆማ ነበር፤ እናቴ ሰላም ስትላት ወደ ውስጥ ገባች።

ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምረን እናቴና እኔ ከሹሙ ቢሮ ፊት ለፊት ካለው ግንብ ሥር ቆምን። አንድ ፊቱ በፀሐይ የቀላ ካፒቴን ገባ። ሲወጣ አላየንም፤ ምናልባት በሌላ በር ወጥቷል። እኩለ ቀን ሊሆን ሲል አንድ ፖሊስ በሩን ከፈተና አባቴ ብቻውን ወጣ። ጫማውን በእጁ ይዟል። እናቴ ሮጣ አልሄደችም፤ እዚያው ግንቡ ሥር ቁጭ አለች። እኔ ሄጄ ጫማውን ተቀበልኩት።

ሹሙ እኔን አስጠርቶ አንድ ነገር ብቻ ነገረኝ። ካፒቴኑ ያነበበው እኔ እንዳልኩት ነው፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ እኔ ያላነበብኩት አለ። ዘበኛው በሩን ከፍቶ ቢሆን ኖሮ መጋዘኑ ሁሉ ይቃጠል ነበር፣ እኔም ዛሬ ይህን ለመጻፍ በሕይወት አልገኝም ነበር፣ ነው ያለው። «ፈረንሳይኛሽን አስተካክዪ» ብሎ አሰናበተኝ።

ካቦው ከሥራው አልተነሣም። የተነሣው ጸሐፊው ነው። በሁለተኛው ሳምንት ቤተሰቡን ይዞ በባቡር ወደ ድሬዳዋ ሄደ። እናቴ ጣቢያ ድረስ ሸኝታ ሕፃኑን አቅፋ ስማ መጣች። እኔ አልሄድኩም። ምን እንደምለው አላወቅሁም ነበር፤ ባለመሄዴ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አባቴ ወደ መጋዘኑ አልተመለሰም፤ ባቡር ጣቢያው ዕቃ ቤት ገባ። ሰው ሁሉ ይጠይቀው ነበር። ካቦው ክፈት እያለ ሲጮህበት ነፋሱን አስቦ እንቢ ያለ ጀግና ሆኖ ነበር በሰፈሩ የሚወራው። እሱ ግን ይህ ሲነሣ ወሬ ይቀይራል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ካውያ ሳሞቅ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ።

«ልጄ፣ ያ እንግሊዝ የጻፈው ምን ነበር? በልኩ ንገሪኝ።»

ነገርኩት።

መዳፉን አየና «ቁልፉን መቆለፊያው ውስጥ ከትቼ ነበር» አለ። «ካቦው ክፈት አለኝ፣ ልከፍት ነበር። አዞርኩት፣ እንቢ አለኝ። ነሐሱ ግሎ ነበር፣ ሁለተኛ ሳዞረው መዳፌን ፈጀኝ፣ ትቼው ተመለስኩ። ነፋስ የሚባል ነገር አላሰብኩም። ቁልፉ ዞሮ ቢሆን ኖሮ ያ እንግሊዝ ከነጫኞቹ ይሞት ነበር።»

ካውያውን አስቀመጥኩት።

«እንግዲህ የፈታሽኝ በውሸት ነው?» አለኝ።

«በውሸት አይደለም አባባ። ወረቀቱ አልከፈቱም ነው የሚለው። አልከፈቱም።»

«ለምን እንዳልከፈትኩ ይላል?»

«አይልም።»

«እንዲያ ነው?» አለና ራሱን ነቀነቀ። «ደህና። ለእናትሽ አትንገሪ።»

አልነገርኳትም። የተቃጠለው ጫኝ ከሐኪም ቤት ሲወጣ አባቴ ሊጠይቀው ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እየሄደ ውሃውን ይቀዳለት፣ እንጨቱን ይፈልጥለት ነበር፤ የሰውየው ግራ እጅ ዳግም አልተዘረጋም። ለምን እንደዚያ እንደሚደክም ሰው ሲጠይቀው «ጎረቤት ነው» ይላል። ሰውየው ጎረቤታችን አልነበረም፤ ቤቱ ከተማው ሌላ ዳር ላይ ነበር።